የትም የማያደርስ በር

ሰፈርተኛው "የትም የማያደርስ በር" ይለዋል። ይበለው። እኔ በሩን ያስከፈትኩት ሰው ስም እንዲያወጣለት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ ቤት ላሊበላ ውስጥ ከቀሩት የጥንት ደርብ ቤቶች አንዱ ነው፤ ክብ፣ በቀይ ድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ደረጃው በውጭ በኩል ግድግዳውን ታኮ የሚወጣ። በላይኛው ክፍል ግድግዳ ላይ፣ በመንገዱ በኩል፣ ከወለሉ ተነሥቶ ከሰው ቁመት በላይ የሚደርስ ቦታ አስፈርሼ ባለ ሁለት ተከፋች በር አስገጠምኩ። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው። ከበሩ ውጭ ደረጃ የለም፣ መቆሚያም የለም። ያለው እስከ ወገብ የሚደርስ የብረት ፍርግርግ ብቻ ነው፤ እሱም ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ነው የቆመው። ወለል የሌለው በረንዳ በሉት። በሩን ብርግድ አድርጎ፣ ወንበር አስጠግቶ፣ ብረቱን ይዞ፣ ቤት ውስጥ ሆኖ ደጅ መዋል ነው።

ይሄ ምን ይጠቅማል የሚለኝ ሰው አላጣሁም። ደረጃ ከሌለው በር ነው ወይ፣ መቆሚያ ከሌለው በረንዳ ነው ወይ ይሉኛል። እኔ ስሙ ግድ የለኝም። ፀሐይ ያስገባል፣ ነፋስ ያስገባል፣ የሰው ድምፅ ያስገባል። ማንም እንዳይወድቅ ብረቱ አለ። ከመንገዱ ላይ ቦታ አይወስድም፣ ከቤቱም ቦታ አይወስድም። ያረጀ ግድግዳ ላይ ሸክም አይጨምርም። ከዚህ በላይ ምን እንዲያደርግ ነው የሚፈለገው?

እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ በዚያ በውጭው ደረጃ ላይ አዳልጧት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ታከመች፣ አጥንቱም ገጠመ፤ እግሯ ግን እንደ ቀድሞው አልታዘዛት አለ። ደረጃ መውጣትና መውረድ ቀረ። ተሸክመን ላይ አወጣናት፤ እዚያው ሆነች።

ለምን ምድር ቤት አታወርጃትም ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ምድር ቤቱ ድሮ ከብት ይታሰርበት የነበረ፣ አሁን እህልና እንጨት የምናስቀምጥበት፣ ጣራው ዝቅ ያለ፣ ክረምት በገባ ቁጥር የሚረጥብ ክፍል ነው። ቢሆንም ጠየቅኳት።

"በሬ ከወጣበት እኔ ልግባበት?" አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በዚሁ ተዘጋ።

ላይኛው ክፍል ደረቅ ነው፣ ሙቀትም አለው፤ ግን ጨለማ ነው። መስኮቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ከራስ በላይ ያለ፣ ድመት እንደ ምንም የምታልፍበት። የድሮ ሰዎች ብርድና ሌባ ፈርተው ነው እንዲህ ያደረጉት። እነሱ ውለው የሚመጡት ደጅ ነው፤ ቤት የሚገቡት ለመተኛት ነው። ቀኑን ሙሉ የሚተኛ ሰው ይኖርበታል ብለው አላሰቡም።

እናቴ ደግሞ የደጅ ሰው ናት። ገበያ አይቀራትም፣ ማኅበር አይቀራትም፣ ለቅሶ አይቀራትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከብልባላ አህያ እየነዳ የሚመጣው ገበያተኛ እንኳ ከቤታችን በታች ቆሞ ሰላም ሳይላት አያልፍም ነበር። ማንኛውንም መንገደኛ አይታ የማን ልጅ እንደሆነ፣ እናቱ ከየት እንደተዳረች፣ አያቱ በምን እንደሚታወቁ ትነግርሃለች። እንዲህ ያለች ሴት ጨለማ ውስጥ ስትቀመጥ ምን እንደምትሆን አየሁ። መጀመሪያ እኩለ ቀን ላይ "መሸ ወይ?" ትለኝ ጀመር። ቀጥላ መጠየቁንም ተወችው። ምግብ ሳቀርብላት "አሁን አይደል የበላሁት" ትላለች፤ ከበላች ግን ውላ አድራለች። ፊቷ ገረጣ። እኔ ሥራ ቦታ ሆኜ ትዝ ስትለኝ እንባዬ ይመጣ ነበር፤ አልዋሽም።

አንድ ወንድም አለኝ፣ ታላቄ ነው፤ ወልድያ ይኖራል። ጥሩ የብሎኬት ቤት ሠርቷል፣ መኪናም አለው። ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን እናቱን የሚወዳት በስልክ ነው። ከወደቀች ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል አንድ ቀን ዓይኗን አላየም። አንዴ ሥራ ነው፣ አንዴ መንገዱ አያስተማምንም፣ አንዴ መኪናው ጋራዥ ገብቷል። በዚያ ሚያዝያ ደውሎ እንዲህ አለኝ፦

"ክረምቱ ሲያልፍ መኪና ይዤ እመጣለሁ። እዚህ እኔ ጋ ትሁን። አንቺ እዚያ ጨለማ ውስጥ እየገደልሻት ነው።"

ተናደድኩ። ያናደደኝ ደግሞ ስለ ጨለማው ያለው እውነት ስለነበረ ነው። እናቴ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌው ስለነበር ሰምታለች።

"ወልድያ ማንን አውቃለሁ?" አለች። "በመንገድ የሚያልፈውን ሰው የማን ልጅ ብዬ ልጥራው?"

ይህንን ያለችው ሳትቆጣ ነው። ብትቆጣ በወደድኩ። ወልድያ ከሄደች እንደ ዕቃ አንድ ጥግ ተቀምጣ እንደምታልቅ እሷም ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ። እዚህ በዚህ ሁኔታ ከቆየች ደግሞ መወሰዷ አይቀርም። የቀረኝ አንድ ክረምት ነበር።

ሐሳቡን ያገኘሁት ከምሠራበት ሆቴል ነው። ሆቴሉ ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ እኔ ክፍል አጸዳለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ። ክፍሎቹ ሁሉ እንዲህ ያለ በርና ብረት አላቸው። እንግዳ ሲገባ ሻንጣውን ጥሎ መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን በር መክፈት ነው። ከዚያ ብረቱን ተደግፎ ይቆማል። ገላውን ሳይታጠብ፣ ውኃ ሳይጠጣ፣ ይቆማል። አንሶላ እየቀየርኩ ስንቱን የሰው ጀርባ አይቻለሁ። አንድ ጠዋት ታዲያ እንደ ልማዴ አልጋ እያነጠፍኩ ብው አልኩ። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ለሁለት ሌሊት ብሎ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ደረቱን ሰጥቶ ያያል። ከተራራው ሥር ተወልዳ ያረጀችው እናቴ ግድግዳ ታያለች። ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ትራሱን ወርውሬ በሩ ጋ ሄድኩና በእጄ ስንዝር ለካሁት።

ከዚያ በኋላ የተከራከርኩትን ያህል በዕድሜዬ ተከራክሬ አላውቅም። ወንድሜ በስልክ ሳቀ። "ለጎጆ ቤት በረንዳ?" አለኝ። "ሰው ይስቅብናል" አለኝ። ቀድሞ የሳቀው ራሱ ነው።

ሰፈራችን ከአብያተ ክርስቲያናቱ ስለሚቀርብ እንዲህ እንደልብ አይፈርስም፣ አይሠራም። ፈቃድ ጠየቅኩና አንድ ወጣት ባለሙያ ሜትሩን ይዞ መጣ።

"ወደ መንገዱ የሚወጣ ነገር አይፈቀድም" አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

"አይወጣም።"

"በረንዳ አይደል ያልሽው?"

"ወለል የለውም።"

"ወለል ከሌለው ምን ላይ ትቆሚያለሽ?"

"ቤቴ ውስጥ" አልኩት።

ግድግዳውን አየ፣ መንገዱን አየ፣ እኔን አየኝ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሄደበት አህያ የማያልፍበት መንገድ ነው፤ እውነተኛ በረንዳ ቢሠራበት ምሰሶ ይፈልጋል፣ ምሰሶው መንገዱን ይዘጋል፣ ክብደቱም የጭቃውን ግድግዳ ጎትቶ ያወርደዋል። ይሄኛው ከነዚህ አንዱንም አያደርግም። ይህን ሁሉ አስረዳሁት፤ እሱም ድንጋዩና እንጨቱ ከነባሩ ጋር ይመሳሰል ብሎ ፈቀደ። ፊት ለፊታችን የምትኖረው ጎረቤታችን ግን የእሱን ያህል ቶሎ አልተረታችም።

"አንቺ ልጅ፣ ብርድ አስገብተሽ ልትገያት ነው" አለችኝ። "እኔስ ግቢዬ ሁሉ ሊታይ አይደል?"

"እትዬ፣ በግቢሽ የሚታይ ምን አለ?" አልኳት።

"ይኑር አይኑር አንቺ ምን አገባሽ?" አለችና ለብዙ ቀን አኮረፈችኝ። ሴትየዋ የእናቴ የልብ ወዳጅ ናት፤ ስለዚህ ኩርፊያዋን ችዬ ሥራውን ጀመርኩ።

ግንበኛው ከጋሸና መንገድ የመጣ ሙስሊም ነው፤ ሥራው ጠንካራ፣ አፉ ደግሞ ከእኔ የማይተናነስ። የደረጃው ነገር አልዋጥለት አለ።

"በር ከሠራሁ ደረጃ እሠራለሁ" ይለኛል። "ደረጃ የሌለው በር ወላሂ ሠርቼ አላውቅም።"

"አሁን ትሠራለህ።"

"ሰው ወጥቶ ቢወድቅስ?"

"ብረት አለው።"

"ብረት ካለው ማን ይወጣበታል?"

"ማንም።"

"ታዲያ ለምን በር ሆነ?" ይልና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። በመጨረሻ እጁን አነሣ። "እሺ፣ አብሽሪ፣ እሠራዋለሁ። ግን መንገደኛው ይህን የሠራ ሞኝ ማነው ካለ ስሜን አትጥሪ" አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልጠራሁትም።

እናቴን ሥራው እስኪያልቅ ጎረቤት ላስጠጋት ብል እምቢ አለች። "ቤቴ ሲፈርስ እኔ ሳላይ?" አለች። ፊቷን በነጠላ ሸፍና አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ግንበኛው ግድግዳውን በእንጨት ደገፈ፤ ከላይ ጉበን የሚሆነውን የወይራ ግንድ አስገባና ከሥሩ ያለውን ድንጋይ አንድ በአንድ ማውጣት ያዘ። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲወጣ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ገብቶ ብርድ ልብሷ ላይ አረፈ። አቧራው በውስጡ ይጨፍራል። እናቴ ነጠላዋን ገለጥ አደረገችና እጇን ብርሃኑ ውስጥ ከተተች። ወዲያና ወዲህ አገላበጠችው።

"ይሞቃል" አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ቀዳዳው ሲሰፋ፣ ሲሰፋ፣ በመጨረሻ ተራራው ሙሉ በሙሉ ታየ። ደመናው ግማሹን ይዞታል፣ ከታች የሰዉ ጣራ፣ የገብሱ ማሳ፣ የመንገዱ ጠመዝማዛ። እናቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየች። የምርቃት ቃል ነው የጠበቅኩት፣ ካልሆነም እንባ።

"ያንን ባሕር ዛፍ ማነው የቆረጠው?" አለች።

ከዚያ ቀጠለች። የእገሌ ቤት መቼ ቆርቆሮ ሆነ? ያ አጥር ለምን ወደ መንገዱ ገፋ? እዚያ ማዶ ያለው ማሳ ለምን ጦም አደረ? እሷ ጨለማ ውስጥ ሳለች አገሩ ያለ ፈቃዷ የሠራውን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ተቆጣችበት። ግንበኛውም ሳይቀር መዶሻውን አስቀምጦ መልስ ይሰጣት ነበር፤ አገሩን አያውቀውም፣ ግን ዝም ማለት ፈራ። እኔ ጥግ ቆሜ አለቀስኩ። ከደስታ ነው። እናቴ ስትቆጣ መስማት እንዴት ናፍቆኝ እንደነበረ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ብረቱ ተበይዶ መጥቶ ሲገጠም ግንበኛው በሁለት እጁ ይዞ ሙሉ ክብደቱን አንጠለጠለበት። አልነቃነቅ አለ። "ደረጃ የለውም እንጂ ጥሩ ነው" ብሎን ሄደ።

ክረምቱን እንዲህ አለፍነው። ዝናቡ ሲመጣ እንዘጋዋለን፣ ሲያባራ እንከፍተዋለን። እናቴ በሩ አጠገብ ወንበሯ ላይ ትውላለች፤ እግሯን ፀሐይ ይመታዋል። መብላት ጀመረች። ከታች ጎመን የምትሸጥ ሴት ስታልፍ ጠርታ፣ በገመድ ቅርጫት አውርዳ፣ ተከራክራ ትገዛለች፤ ጎመኑ ከጠወለገባትም በዚያው ገመድ መልሳ ታወርደዋለች። መንገደኛው ቀና ብሎ ሰላምታ ሳይሰጥ አያልፍም፤ የረሳ እንደሆነ የአባቱን ስም ጠርታ ትመልሰዋለች። ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤታችንም ኩርፊያዋን ተወችና ከግቢዋ ሆና ከእናቴ ጋር መጮኽ ያዘች፤ ቀድሞ ደረጃ መውጣት ጉልበቷን እያመማት በሳምንት አንዴ ነበር የምትመጣው። ግን በሩን አሁንም አልወደደችውም። "ብርዱ ነው የሚያሰጋኝ" ትላለች።

መስከረም ጠባ፣ ሰማዩ ጠራ። ወንድሜ ደውሎ "በቅርቡ እመጣለሁ፣ ዕቃዋን አዘጋጂ" አለኝ። በሩን ነገርኩት፣ መብላቷን ነገርኩት፣ መቆጣቷን ነገርኩት። "በቀዳዳ ሰው አይድንም" ብሎ ዘጋው።

አንድ ጠዋት ፀሐይዋ ደስ ብላኝ የክረምቱን እርጥበት ላናፍስ ብዬ የእናቴን ፍራሽ፣ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ትራስ ሁሉንም አንድ ላይ አውጥቼ ብረቱ ላይ ሰቀልኩት። በሩን ከነተከፋቹ ብርግድ አደረግኩት። ከዚያ እናቴን ወደ ክፍሉ ጥግ ወስጄ፣ መጋረጃ ጋርጄ፣ ጸጉሯን ማጠብ ጀመርኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በእኛ ሰፈር የአንድ ሰው የአልጋ ልብስ ከነፍራሹና ከነትራሱ በማለዳ አንድ ላይ ደጅ የሚወጣው ሰውየው ሲሞት ነው። ሌላ ጊዜ በጓሮ፣ አንድ በአንድ፣ ለዓይን ሳይታይ ነው የሚናፈሰው። እኔ ይህን አጥቼው አይደለም። ጓሮ ስለሌለን፣ ብረቱም ስለተመቸኝ፣ እንዲያው አላሰብኩትም።

ጎረቤታችን ከቤቷ ወጥታ ቀና አለች። ወንበሩ ባዶ ነው። ፍራሹ ተሰቅሏል። በሩ ተበርግዷል።

ጩኸቷን ስሰማ እሳት የተነሣ መሰለኝ። ወዲያው ሌላ ሴት ጮኸች፣ ከዚያ ሌላ። በዚያ ጠባብ መንገድ ሰው መሮጥ ጀመረ። እናቴ ሳሙና የመላ ጭንቅላቷን ቀና አደረገች።

"ማን ሞተ?" አለችኝ።

ጆሮዬን ሰጠሁ። የሚጠሩት የእሷን ስም ነው። ልብ ብዬ ስሰማው ገባኝ። "እማዬ፣ አንቺን ነው" አልኳት። ልወጣ ብድግ ስል ቀሚሴን ያዘችኝ።

"ቆይ። ሳሙናውን አለቅልቂልኝ" አለች።

ውኃ እያፈሰስኩላት ከታች ጎረቤታችን ሙሾ ስታወርድ ይሰማኛል፦

ከማዕዷ ያልበላ፣ ከጠላዋ ያልጠጣ፣
ማን አለ ከሰፈር፣ ካለ ወዲህ ይምጣ።

ሕዝቡ እየተቀበለ አለቀሰ። የወንድ ድምፅም አለበት፤ ደረት ሲመታ ይሰማል። እናቴ ራሷን በቀስታ ነቀነቀች። "እውነቷን ነው" አለች። እኔ ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገብቶኛል። ጎረቤታችን ቀጠለች፦

አላርፍ ብላ ልጇ፣ ግድግዳ ደርምሳ፣
ብርዱን ጠራችባት፣ ሞትንም ቀስቅሳ።

እናቴ ፎጣውን ከእጄ ነጠቀችኝ። "ይሄስ ውሸት ነው" አለች። "አንሺኝ።"

ብብቷን ይዤ አነሣኋት። ከጥግ እስከ በሩ ያለውን መንገድ በእግሯ ሄደችው፤ እኔ ደገፍኳት እንጂ አልተሸከምኳትም። ፍራሹን ገፋ አደረገችና ብረቱን በሁለት እጇ ያዘች። ጸጉሯ ይንጠባጠባል። ቀጥ ብላ ቆማ ወደታች አየች።

ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ሁለት ሰዎች ወደ ኋላ ሮጡ። የነፍስ አባቷ ፍትሐት ሊያደርሱ መጽሐፋቸውን ይዘው መጥተው ነበር፤ አማተቡ።

"አባ፣ እንዴት አደሩ? አንቱንም አስቸገርንዎ" አለች እናቴ ዝቅ ብላ። ከዚያ ወደ ጎረቤታችን ዞረች። "እኔ አልሞትኩም። የፊተኛው ግጥም ጥሩ ነው፣ ለጊዜው አስቀምጪልኝ። የኋለኛውን ግን ተይው። ብርድ አልገደለኝም። ይሄ በር ባይኖር ኖሮ ግን ይሄኔ እውነትሽን ነበር።"

ጎረቤታችን መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንደገና አለቀሰች፤ ይሄኛው ለቅሶ ሌላ ነበር። ከዚያ ሰው ሁሉ መሳቅ ጀመረ። አልሄዱም። ለለቀስተኛ ተብሎ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ጠላ ከየቤቱ ጉዞ ጀምሮ ነበርና ሲደርስ እዚያው መንገዱ ላይ ተቀምጠው በሉት።

መጥፎው ነገር ግን አንዱ ዘመድ ገና ጩኸቱ ሲጀመር ወልድያ ለወንድሜ መደወሉ ነው። "እናትህ ዐርፋለች" ብሎታል። እንደሰማሁ ወዲያው ደወልኩ፣ ደጋገምኩ፣ አይሠራም። ተራራው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

"ተይው፣ ይምጣ" አለች እናቴ። "ለዚህ ካልመጣ ለምን ይመጣል?"

ከሰዓት በኋላ መኪናው ደረሰ። ወንድሜ ጥቁር ለብሶ፣ ዓይኑ አብጦ፣ "እማዬን! እማዬን!" እያለ እየወደቀ እየተነሣ በመንገዱ ወጣ። ከኋላው ሦስት ጓደኞቹ አሉ። ቤቱ ሥር ሲደርስ እናቴ ከላይ ጠራችው።

"እዚህ ነኝ። ቀስ በል፣ ድንጋይ ያደናቅፍሃል።"

ቀና አለ። ጓደኞቹን ጨምድዶ ያዘ። አለቀሰ፣ ሳቀ፣ እንደገና አለቀሰ። አሳዘነኝ፤ ወንድሜ ነው። ነገሩን ሲነግሩት ግን ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄ ሁሉ ጉድ የመጣው በዚያ ቀዳዳ ነው" አለ ወደ እኔ እያየ። "የእናቴን መርዶ አሰማሽኝ። በቃ። መኪናው ይኸው፣ ዛሬውኑ ይዣት እሄዳለሁ።"

የምመልሰው ነበረኝ፤ አፌን ስከፍት እናቴ እጇን ክንዴ ላይ አደረገች።

"ለሬሳዬ በግማሽ ቀን ደረስክ" አለችው። "መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው።"

"እማዬ፣ ሞተች ሲሉኝ እኮ..."

"ዐውቃለሁ። ስሞት እንደምትመጣማ ዐውቃለሁ። በቁሜ መምጣትህን ነበር የተጠራጠርኩት።" ብረቱን ይዛ ጎንበስ አለች፤ ድምፅዋ ግን ከፍ አላለም። "እኔ የትም አልሄድም። እዚህ ሰው አለኝ፤ ዛሬ ያለቀሱልኝን አይተሃቸዋል፣ አሁንም አጠገብህ ናቸው። ልትወስደኝ አትምጣ። ልታየኝ ና። ስሞት ብትመጣ እኔ አላይህም።"

ወንድሜ በውጭው ደረጃ ወጣና ወደ ክፍሉ ገባ፤ ከእናቴ ወንበር ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ብረቱን ተደግፎ ተቀመጠ። እናቴ ከታች የሚያልፈውን እያሳየች የማን ልጅ እንደሆነ ትነግረው ጀመር። አመሻሹ ላይ ጓደኞቹ መኪናውን ይዘው ያለ እሱም ያለ እሷም ወደ ወልድያ ተመለሱ። ወንድሜ ለለቅሶ ብሎ ከመሥሪያ ቤቱ ያስፈቀደውን ቀን በሙሉ እናቱ አጠገብ ተቀምጦ ጨረሰው።